ሶሊ ገና አልገባችም

የዚያ ዓመት የቤት ኮምፒውተር አፕዴት ለከዚራ ሰፈር የተላከው ሐሙስ ጠዋት ነበር። የውሃና ጥላ ጽሕፈት ቤት እንደ ልማዱ ቀደም ብሎ አሳውቋል። ቤቶች ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፣ ነዋሪዎች ባሉበት ተቀምጠው ይጠብቁ የሚል ነው። የከዚራ ሰዎችም ተቀምጠው ጠበቁ። ከአምስት ሰዓት በፊት ቤቶቹ አንድ በአንድ ነቁ። መጋረጃዎች ወረዱ፣ ማቀዝቀዣዎች ማጉረምረም ጀመሩ፣ የጥላ ሰዓት ሲገባ በሮች ከውስጥ ተቆለፉ። የያፌት ቤት ብቻ አልነቃም።

ያፌት ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የባቡር ሐዲድ ይመረምራል። ሙቀቱ ያጣመመውን ብረት ለመለየት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከድሬዳዋ በሚወጣው መስመር ላይ ይራመዳል። በመካከል ያለውን የሙቀት ጊዜ፣ የጥላ ሰዓት የሚባለውን፣ ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ እንደማንኛውም የከተማው ሰው በተቆለፈ ቤት ውስጥ ያሳልፋል። ልጅ የለውም። ሚስቱ ሶልያና ወደ ደጋው፣ ወደ ጭሮ፣ ከሄደች ስድስት ዓመት አልፏል። ስለ እሷ የሚጠይቀው ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቀንሶ አሁን የለም ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተሩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከኩሽናው በር አጠገብ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ያፌት ሽፋኑን ከፍቶ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ክብ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቀጥሎ ጽሑፍ ይመጣል፦ «ጭነቱ አልተሳካም። እንደገና በመነሳት ላይ።» ስክሪኑ ይጨልማል። ክቡ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር የቤቱ መብራት በሙሉ ብልጭ ይላል፣ መጋረጃው ግማሽ መንገድ ወርዶ ይቆማል፣ ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም ይላል።

ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ቁልፉን ተጭኖ ያዘ። ኤሌክትሪኩን አቋርጦ ትንሽ ቆየና መልሶ ሰካው። ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። በመጨረሻም «አቦ፣ ተነሳ በቃ!» ብሎ ተቆጣው። ክቡ ዞረ፣ ጠፋ።

ቤቱ መሞቅ ጀመረ። በሩ ኮምፒውተሩ ባይነሳም በሰዓቱ ራሱን ቆልፏል፤ ማቀዝቀዣው አይሠራም። ያፌት አንሶላ በውሃ ነክሮ አወጣና ሸሚዙን አውልቆ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተጋደመ። አንሶላውን ደረቱ ላይ ጣል አደረገ። ከተኛበት ሆኖ የመብራቱን ብልጭታ ሲያይ ዋለ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራቱ ሳይጠፋ ቆየ። ያፌት ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። ጽሑፉ ተቀይሯል፦ «አዲሱን መጫን አልተቻለም። በመጨረሻው ጤናማ ቅጂ በመነሳት ላይ።»

ማቀዝቀዣው ነፋስ መስጠት ጀመረ። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ወረደ። ከዚያ ቤቱ ተናገረ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ።

ያፌት ተነስቶ ተቀመጠ። ቤቱ ለሁለት ሰው በሚሆን አነጋገር ካነጋገረው ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

«ያፌት፣ በጣም አልቦሃል። ሻወሩን ላቀዝቅዝልህ?»

የቅርብ ዓመታቱ አፕዴቶች ሁሉ «እርስዎ» ነበር የሚሉት። «አንተ» እና «አንቺ» በለን ብላ ያስተማረችው ሶልያና ነበረች፤ በገዛ ቤቴ ማንም እንዲያከብረኝ አልፈልግም ብላ።

«ሶሊ ገና አልገባችም» አለ ቤቱ። «መብራቷን ላብራላት?»

ያፌት ወደ መኝታ ቤቱ በር አየ።

«አብራላት» አለ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ሰምቶ ነቃ። ሰው የለም። ሻወሩ ራሱን ከፍቶ ይወርዳል፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን አልብሶታል። ሶልያና የምትታጠብበት ሰዓት ነበር። ውሃው የሚያስፈልጋትን ያህል ፈሶ ቆመ። ቀጥሎ ኩሽናው ውስጥ የሁለት ሰው ሻይ መፍላት ጀመረ፣ ሬዲዮውም ተከፈተ። እሷ ጠዋት ጠዋት የምታዳምጠው ጣቢያ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቤቱ ግን አያውቅም። ሹ የሚል ድምፅ ብቻ ክፍሉን ሞላው። ያፌት ሻዩን እየጠጣ ያንን ድምፅ አዳመጠ። አልዘጋውም።

ሐዲዱን አይቶ ሲመለስ አፕዴቱ ያልተጫነበትን ቤት ልታይ የመጣች የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ፈርዶሳ ትባላለች፤ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳ መሣሪያዋን በትከሻዋ አንግታለች። ሽፋኑን ከፍታ ስክሪኑን ገና ስታይ ሳቀች።

«አቦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት የነበረው ነው። ቀለሙን እዩትማ!»

«ሊስተካከል ይችላል?»

«ይስተካከላል። አሮጌውን ጠርጎ አዲሱን እንደገና ከሥር መጫን ነው። ከባድ አይደለም። ችግሩ የባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል።»

«ይኸው አለሁ።»

«እርስዎንማ ያውቅዎታል። ግን ይሄ ቅጂ ሲቀመጥ የቤቱ ባለቤቶች ሁለት ናቸው። ሁለቱም እዚህ ቆመው በድምፃቸው ይሰረዝ ካላሉ ንክች አያደርገውም።» ስክሪኑን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «ሶልያና የሚባሉት ሚስትዎ ናቸው?»

«አዎ።»

ፈርዶሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሕይወት አሉ?»

«አለች። ጭሮ ናት።»

«ውይ፣ እንኳን አሉ። የፍቺ ወረቀት ካለ ይላኩልኝ፣ በሱ እንጨርሰዋለን።»

«ወረቀት የለም» አለ ያፌት። «ተለያየን እንጂ አልተፋታንም።»

ፈርዶሳ ሽፋኑን ይበልጥ ከፈተችው። ከቦርሳዋ ትንሽ ጥቁር ነገር አውጥታ ከኮምፒውተሩ ጎን ሰካች።

«ይሄ አዲሱ ነው። ሁለታችሁ ስትፈቅዱ ራሱ ይጭናል፣ የኔ መኖር አያስፈልግም። ብቻ አይቆዩ ጋሼ። ይሄ አሮጌ ሲስተም ከከተማው መስመር ጋር አይግባባም። ታንከርዎ ውስጥ ያለው ውሃ ካለቀ የሚሞላው የለም። ከዚያ ማቀዝቀዣውም ይቆማል።»

በሩ ላይ ስትደርስ ያፌት ጠራት።

«ለምንድነው እዚህ ድረስ ወደ ኋላ የተመለሰው? ከዚያ ወዲህ ስንት አፕዴት መጥቷል።»

«ቅጂ የሚቀመጠው ሁለቱም ባለቤቶች ሲስማሙ ነበር» አለች ፈርዶሳ። «ከዚያ ወዲህ አልተስማማችሁም መሰለኝ።»

ያፌት ያን ቀን አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም።

ከሥራ ሲመለስ በሩ ይከፈታል፣ ቤቱ «እንኳን ደህና ገባህ፣ ሶሊ ገና አልገባችም» ይለዋል። በመጀመሪያ ቀን ቃሉን ሲሰማ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ደረጃውን ሲወጣ እየጠበቀው እንደነበር ታወቀው። ሌላው ሰው ሁሉ ሄዳለች ነው ያለው፤ ዘመዶቹም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ እሱም ራሱ። ቤቱ ግን ገና አልገባችም ይላል። ያፌት ጫማውን እያወለቀ «ትመጣለች» ብሎ መመለስ ጀመረ።

ምሳ ሲደርስ ቤቱ የእሷን ድርሻ ለብቻ ላቆየው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ያስቆየዋል። መኝታ ቤት ውስጥ በእሷ በኩል ያለው መብራት ከሱ ዘግይቶ ይጠፋል፤ ታነብ ነበርና። ያፌት ፊቱን ወደዚያ አዙሮ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት በባዶው መታጠቢያ ቤት የሚፈሰውን ውሃ ተው ቢለው ቤቱ ይተወው ነበር። አላለውም። ከሥሩ ባልዲ አስቀመጠና በባልዲው ውሃ ራሱን ታጠበ። ልብሱንም አጠበበት።

ጎረቤቱ ናሆም ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ነገሩን ከፈርዶሳ ሰምቷል። አመሻሽ ላይ በር ላይ ሲያገኘው ቆመ።

«ያፌት፣ አሁንም አላስተካከልከውም? ውሃ አልቆብህ በጥላ ሰዓት ቤት ውስጥ ብትቀር ምን ልትሆን ነው? አምና ሳቢያን ሰፈር በሙቀት የሞቱትን ረሳሃቸው?»

«ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

ያፌት ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ናሆም ቤቱ ገብቶ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ወጣና ደጃፉ ላይ አስቀመጠለት። «ደውልላት እንጂ» አለ፤ ከዚያ ገባ።

ታንከሩ ያለቀው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሻወሩ እንደ ልማዱ ተከፈተ፣ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ሰው ሳል ሳል አለ፣ ሦስት አራት ጠብታ ጥሎ ዝም አለ። ያፌት ባልዲውን ይዞ ቆሟል።

«ውሃ የለም» አለ ቤቱ። «ሶሊ ሳትታጠብ ልትወጣ ነው?»

ያፌት ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሬዲዮው ከኩሽና ሹ ይላል። ስልኩን አንስቶ ደወለላት። ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት በእናቷ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ያኔም ከሰው መሃል።

«ያፌት?» አለች። «ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ። ኮምፒውተሩ ነው።»

«ምን?»

«የቤቱ ኮምፒውተር። አፕዴት ሲጫን ተበላሸ። አልነሳም ብሎ ብሎ፣ ሲነሳ በድሮው ተነሳ። በአንቺ ጊዜ በነበረው። ያንቺን ድምፅ ካልሰማሁ አልሰረዝም ይላል።»

ከወዲያ በኩል ነፋስ ይሰማል፤ አንድ ሰው በርቀት ስሟን ይጠራል። ሶልያና በጭሮ የችግኝ ጣቢያ ታስተዳድራለች፤ ቀኑን ውጭ ነው የምትውለው።

«እና አሁን እኔን ያውቀኛል?»

«ከኔ ይልቅ» አለ ያፌት። ከዚያ ያለውን ሰምቶ ደነገጠ።

«እሁድ እመጣለሁ» አለች። «በጠዋቱ መጥቼ በማታው አውቶቡስ እመለሳለሁ። እስከዚያ ውሃ አለህ?»

«ናሆም ይሰጠኛል።»

«ጠጣ እሺ? ትረሳለህ አንተ።»

እሁድ ያፌት በጀሪካን ውሃ ወለሉን ወለወለ። ሸሚዝ ለበሰ፣ አውልቆ ሌላ ለበሰ። ሶልያና የጥላ ሰዓት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ደረሰች። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ አብዛኛው ሸብቷል። ፊቷ ጠቁሯል፣ ክንዷ ጠንክሯል። ድንችና ካሮት የሞላ ከረጢት ይዛለች። ሁለቱም እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ ሳይወስኑ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ከዚያ የበሩን ደፍ ተሻገረች።

«ሶሊ፣ ገባሽ» አለ ቤቱ። «ዛሬ ቆየሽ።»

ሶልያና ባለችበት ቀረች። ሳቋ መጣ፤ መሃል ላይ ተቋረጠና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከኋላዋ በሩ ተቆለፈ።

«እንግዲህ እስከ አሥር ሰዓት ተይዘሻል» አለ ያፌት።

«አውቃለሁ። እዚህ እኮ ኖሬያለሁ።»

ውሃ ስለሌለ ማቀዝቀዣው አይሠራም ነበር፤ ናሆም ከሰጠው ላይ ትንሽ ጨምሮበት ነው ያስነሳው። ሽፋኑን ከፍቶ ፈርዶሳ የሰካችውን ጥቁር ነገር አሳያት።

«አሁን እንጨርሰው?»

ሶልያና ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። «ትንሽ ይቆይ» አለች። «ምን ምን እንደሚል ልስማው።»

ድንቹን ልጠው በአንድ ድስት ቀቀሉ። ቤቱ የኩሽናውን መብራት በምትወደው ልክ አደበዘዘላት። ሳህን ስትፈልግ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነገራት፤ ከፈተችው፣ ያፌት ቦታ ቀይሮት ኖሮ ባዶ ነው። ሲበሉ ስለ ችግኞቿ ነገረችው። ጥድ አትወድም፣ ኮሶ ትወዳለች፤ የተተከለው ኮሶ በዚህ ዓመት ከሷ ቁመት በልጧል። እሱም የትኛው ድልድይ እንደታደሰ ነገራት። ምሳ አብቅተው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ቤቱ ጣልቃ ገባ።

«ሶሊ፣ የጀርባ ትራስሽን አሙቄልሻለሁ።»

ሶልያና ወደ ኋላ እጇን ሰደደች። ትራሱ ሞቋል።

«ጀርባዬ እኮ ድኗል» አለች።

«መቼ?» አለ ያፌት።

«ከሄድኩ በዓመቱ። ዳገቱ ነው መሰለኝ።»

ያፌት ራሱን ነቀነቀ። ለጀርባዋ የሚሆን ዘይት አሁንም ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሊነግራት አስቦ ተወው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቤቱ እንደገና ተናገረ። «ሶሊ፣ መስኮቱን ልክፈተው?»

ሁለቱም ተያዩ።

አብረው ሲኖሩ በጥላ ሰዓት መስኮት መክፈት ገና አልተከለከለም ነበር፤ ቤት ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ከተስማሙ ይከፈታል። ሶልያና በየቀኑ ትጠይቅ ነበር፤ በኋላ ቤቱ ራሱ እያስታወሰ ይጠይቅላት ጀመር። ያፌትም በየቀኑ እምቢ ይላል። ሙቀቱ ይገባል፣ አቧራው ይገባል፣ ያቀዘቀዝነው ውሃ በከንቱ ይሄዳል ይላል። ልክ ነበር፤ ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ቀን ሶልያና ሻንጣዋን ስታዘጋጅ «አንተ የምትኖረው ከኔ ጋር አይደለም፣ ከቤቱ ጋር ነው» አለችው። ከዚያ ወጣች።

«ያፌት፣ ትስማማለህ?» አለ ቤቱ።

ሶልያና ወደ ጉልበቷ አቀርቅራለች። ቤቱ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው ጠበቀ።

«እስማማለሁ» አለ ያፌት።

ሞተሩ ጮኸ። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰው መስኮት ጠርዙ ላይ የተጋገረውን አቧራ እያራገፈ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊታቸው ላይ መጣ። ተነስተው ጎን ለጎን መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከታች መንገዱ ነጭ ሆኖ ያበራል። ሰው የለም፤ በሁለቱም ወገን የተደረደሩት ቤቶች ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከሩቅ፣ ከጣቢያው በኩል፣ የባቡር ጡሩንባ ተሰማ።

«ምንም የለም እኮ» አለች ሶልያና።

«ምን ይኖራል ብለሽ ነበር?»

«እንጃ። ከፍቼው አላውቅማ።»

ላባቸው ወረደ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ፤ አላራቀችውም። እንዲህ ሆነው ረዥም ጊዜ ቆዩ። ያፌት ከዚህ ቆይታ በኋላ የሚመጣውን ማሰብ አልፈለገም። ሰውነቱ ውሃ ውሃ ይላል፤ ግን አንድ እርምጃ ቢንቀሳቀስ ትከሻዋ የሚለየው መሰለው።

«ብትቀሪስ?» አለ ድንገት።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ሶልያና ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

«ይሄ ቤት የሚያውቃት ሴትዮ ጀርባዋን ያማታል፣ ጠዋት ሬዲዮ ትሰማለች። እሷ ምናልባት ትቀርልህ ነበር። እኔ ግን ነገ ችግኝ አጠጣለሁ።» ወደሱ ዞረች። «አንተስ ለምን አትመጣም?»

«ሐዲዱስ?»

«ሐዲዱ» አለች ሶልያና። አልተቆጣችም። ፈገግ ብላ እጁን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። «በል ና እንጨርሰው፤ ውሃ ያስፈልግሃል።»

ኮሪደሩ ላይ ስክሪኑ ፊት ቆሙ። «ይህ ቅጂ ይሰረዝ?» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል።

«ሶልያና ነኝ» አለች። «ይሰረዝ።»

«ሶሊ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለ ቤቱ።

ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ሰው ከመንገድ በፊት የእንስሳ አንገት እንደሚዳስስ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

«ያፌት?»

ያፌት ስክሪኑን አየ። ይሰረዝ የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ሐዲድ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ይቆረጥ፣ ይነሳ፣ ይቀየር ይላል። አሁን ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። እምቢ ቢልስ? ነገ ናሆም ሌላ ጀሪካን ይሰጠዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ማታ ሲገባ ሶሊ ገና አልገባችም ይለዋል። እሷ ደግሞ ገብታ ይኸው አጠገቡ ቆማለች፤ ልትወጣው የሚገባ ዳገት አላት፣ እየጠበቀችው ነው።

«በል» አለችው ቀስ ብላ።

«ያፌት ነኝ። ይሰረዝ።»

«እሺ» አለ ቤቱ።

ስክሪኑ ጨለመ። መብራቱ ሁሉ ጠፋ፤ መስኮቱ በራሱ ተዘጋ። ነጩ ክብ መጣና መዞር ጀመረ። ሁለቱም በጨለማው ኮሪደር ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጠው አዩት። ጠፍቶ ይመለሳል ብሎ ያፌት ጠበቀ፤ ምናልባትም ተመኘ። ክቡ አልጠፋም፤ ዞሮ ዞሮ ሞላ። ጣሪያው ላይ ታንከሩ መሙላት ጀመረ፣ ውሃ በቧንቧዎቹ ውስጥ ሲሮጥ ተሰማ።

«እንኳን ወደ አዲሱ ቤትዎ በደህና መጡ» አለ የማያውቁት ድምፅ። «እባክዎ የነዋሪዎችን ብዛት ይናገሩ።»

ያፌት ሶልያናን አያት። ሶልያና ስክሪኑን ነው የምታየው።

«አንድ» አለ።

«በቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለተኛዋን እንዴት ልመዝግብ?»

ሶልያና ቀደመችው። «እንግዳ ብለህ።»

«የእንግዳዋ ቆይታ?»

«እስከ አሥር ሰዓት» አለች።

በሩ ሲከፈት አብረው ወጡ። የጭሮ አውቶቡስ የሚቆመው ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። መንገዱ አሁን በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም ቤቱ ተዘግቶበት ውሎ እንደወጣ ሰው ዓይኑን እያጨነቆረ ይሄዳል። ሶልያና የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጥታ ዞር አለች።

«ካሮቱ ሳይጠወልግ ብላው» አለች። ቀጥላ ሌላ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላዋ የሚገፋ ሰው ነበርና ገባች። ያፌት አውቶቡሱ ወደ ደንገጎ ዳገት እስኪታጠፍ ቆሞ አየው።

ሲመለስ ቤቱ በሩን ከፈተለት። «እንኳን በደህና ገቡ» አለ። ከዚያ በኋላ የጨመረው ቃል አልነበረም። ያፌት ጫማውን ሳያወልቅ ትንሽ ቆመ።

ታጠበ። ውሃው እንደ ልብ ወረደ። ሲጨርስ ቤቱ አንድ በአንድ ይጠይቀው ጀመር፤ ሻይ በስንት ስኳር፣ መብራት በምን ያህል፣ ዜና ይሁን ሙዚቃ። አንዳንዱን መለሰ፣ አንዳንዱን አላውቅም አለ። ለካ ብዙውን መርጣ የሄደችው እሷ ኖራለች።

«ሌላ የሚፈልጉት አለ?» አለ ቤቱ በመጨረሻ።

ያፌት አሰበ። «ጭሮ አሁን ስንት ዲግሪ ነው?»

«አሥራ ስድስት። ሲመሽ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ወደ ጭሮ ሊጓዙ ነው?»

«አይ» አለ ያፌት። «ለማወቅ ያህል ነው።»

ያፌት አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ተነሳና ልብሱ ያለበትን ሳጥን ከፈተ። ከላይ ያሉትን ስስ ሸሚዞች አወጣ፣ ከሥር ያሉትንም አወጣ፤ እስከ ታች ድረስ ፈተሸ። ሹራብ አልነበረውም።